መሃል የገባው ማቅ

ተረት ይዤ ደጃችሁ ቆሜያለሁ። «ይግባ» በሉኝ እንጂ። እንዲያ ነው፣ ጮክ ብላችሁ። እናንተ ጥግ የያዛችሁት፣ ከንፈራችሁን ብቻ አታንቀሳቅሱ፤ እኔ ሁላችሁም ያልጠራችሁትን ተረት አላስገባም። እሺ፣ አሁን ገባ።

ድሮ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ መንዝ ደጋ ላይ እታገኘሁ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጥላዬ ይባላል፤ ደግ ሰው ነበር። ክረምት ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ከነጋቢው ወሰደው። እሷ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ማቅ ለበሰች፣ አለቀሰች፣ ማቁን ሳታወልቅ አዲሱ ዓመት ገባ። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ወር፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛትና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ከማነሷ የተነሳ ታቀፏት ወይስ አልታቀፏት አይታወቅም ነበር።

የዚያን አገር ልማድ ልንገራችሁ። ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይዘጋጅም፤ ሞት ይሰማል ይባላል። ልጁ ከመጣ በኋላ ነው አሮጌ ጨርቅ የሚፈለገው፤ አሮጌ ጨርቅ ለስላሳ ነው፣ ገላ አይቧጥጥም። ሌላም ልማድ አለ፤ አራስ ሴት ማቅ አትለብስም። ስለዚህ ያዋለደቻት ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ማቁን ከላይዋ ገፈፈችና «ሐዘን ከአራስ ይራቅ» ብላ ጓዳ ወረወረችው። ደግ አስባ ነው፤ አትፍረዱባት።

እታገኘሁ የቀራት የለበሰችው ቀሚስና የተኛችበት ቁርበት ብቻ ነው። ልጅቱ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። እናት ከግድግዳው ላይ ስልቻ አወረደች። ስልቻው ውስጥ ሦስት እራፊ ጨርቆች ይኖራሉ፤ ሦስቱም ኩሩዎች ናቸው። እራፊ ሆኖ ኩራት! ግን እንዲህ ዓይነቱን ሰውም መሃል አይታችሁ ታውቃላችሁ።

አንደኛው ጥልፍ ያለበት የካባ እራፊ ነው። «እኔ የደጃዝማች ትከሻ ላይ ነበርኩ» ይላል፤ ከዚህ ሌላ ወሬ የለውም። ሁለተኛው የወታደር ኮት ጀርባ የነበረ ካኪ ነው። «እኔ ዘመቻ ያየሁ ነኝ» ይላል። ሦስተኛዋ ከእታገኘሁ የሠርግ ቀሚስ ከነጥለቷ የተረፈች እራፊ ናት። ሙሽሪት ነው የምትባለው። «እኔን አይተው ስንቶቹ በቅናት አረሩ» ትላለች።

መርፌ ምሰሶው ላይ ተሰክታ፣ ክሯን አንጠልጥላ ታያቸው ነበር።

«በሉ ተነሱ፤ ለሕፃኗ ድሪቶ ልንሠራ ነው» አለቻቸው።

«ድሪቶ? የለማኝ ልብስ?» አለ ካባ።

«ድሪቶን አትናቅ» አለች መርፌ። «አያቴ ለጦረኛ ደረት የደረተችው ጨርቅ ጦር መልሷል። ለፈረስ ደርታለች፣ በረሃ ለገባ መናኝም ደርታለች። ታዲያ ሁልጊዜ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። መሃል የሚገባው ማነው? ትላለች። ላዩ ለዓይን ነው፣ ታቹ ለገላ ነው፣ የሚያሞቀው መሃሉ ነው። እስቲ ከሦስታችሁ መሃል ላይ የሚገባ ማነው?»

«እኔ ላይ ነኝ» አለ ካባ።

«እኔም ላይ ነኝ» አለ ካኪ።

«እኔም ላይ ነኝ» አለች ሙሽሪት።

«ሁላችሁም ላይ ከወጣችሁ ልጅቱ የት ትግባ?» ብላ መርፌ ተቆጣች። ቢቆጧቸውስ ይሰማሉ? ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ካባና ካኪ ጎን ለጎን ላይ ሆኑ፣ ሙሽሪትም እያጉረመረመች «ለሕፃን ገላ ስል ነው» ብላ ታች ተነጠፈች። መሃል የገባ የለም። እታገኘሁ ዳር ዳሩን ሰፋችውና ልጇን ጠቀለለችበት።

ጎህ ሲቀድ ውርጭ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ መጣ። ውርጭ ክፉ አይደለም፤ ክፍት ያገኘበት መግባት ግን ልማዱ ነው። ድሪቶውን ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«ተደርባችኋል?» አላቸው።

«ተደርበናል» አሉ።

«መሃላችሁ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«መሃሉ ባዶ ከሆነማ የኔ ነው» አለና ገባ።

ልጅቱ ስታለቅስ ነጋ። እናቷ እስትንፋሷን ብታለብሳት፣ ብትታቀፋት፣ እግሯ አልሞቅ አለ።

መርፌ እራፊዎቹን ሰበሰበቻቸው። «ጓዳ ውስጥ ማቅ አለ። የበግ ጠጉር ነው፣ ወፍራም ነው። እሱን መሃል እናስገባው» አለቻቸው።

ይህን አይጥ ሰማች። አይጥ ጓዳ ውስጥ ገና መውለዷ ነው፤ ዓይናቸው ያልበራ ልጆች አሏት፣ ማቁንም ለጎጆዋ ተመኝታዋለች። ታዲያ «ስጡኝ» ብትል ማን ይሰጣታል? ተንኮል አሰበች። ቱስ ቱስ እያለች መጣችና እራፊዎቹ ጆሮ ሥር ቁጢጥ አለች።

«ማቅ አልሽ? ኧረ በስመ ሥላሴ» አለች። «ማቅ እኮ ሐዘን ነው። ገድ የለውም። ደግሞ ከሐዘን ጋር የተሰፋ ጨርቅ ቀለሙ ይለቃል ሲባል አልሰማችሁም?»

ለልጅቱ ነገር ያልደነገጡት እራፊዎች ለቀለማቸው ደነገጡ።

«የደጃዝማች ጥልፍ ይዤ ከማቅ ጋር አልሰፋም» አለ ካባ።

«እኔም የሠርግ ልብስ ነኝ፤ ከሐዘን ምን አገናኘኝ?» አለች ሙሽሪት።

«ከሐዘን ጋርስ ከምንሰፋ እኔው መሃል እገባለሁ» አለ ካኪ። ካኪ ይህን ያለው ከልቡ አልነበረም፤ ከአንገት በላይ ነው።

እታገኘሁ ስፌቱን ተረተረችና ካኪን መሃል አስገብታ ሰፋችው። ካኪ ግን ጨለማው አስጠላው። «እዚህ ማን ያየኛል?» አለ። ወደ ቀኝ ተሳበ፣ ወደ ግራ ተሳበ፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ሄዶ ጫፍ ላይ ተቆለለ፣ በቀዳዳም አንገቱን ብቅ አደረገ። አይጥ ደግሞ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ማቁን በጥርሷ ይዛ ወደ ጉድጓዷ ትጎትት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ውርጭ ተመልሶ መጣ።

«ተደርባችኋል?»

«ተደርበናል።»

«መሃላችሁ ማን አለ?»

«ካኪ አለ።»

ውርጭ ዳበሰ። «ካኪማ ጫፍ ላይ ወጥቶ አየዋለሁ። መሃሉ ባዶ ከሆነማ የኔ ነው» አለና ገባ።

ያን ጠዋት ልጅቱ አላለቀሰችም። ለማልቀስም አቅም ይጠይቃል። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ጡት ቢሰጧት አልጎርስ አለች። 

«ጥላዬ፣ አንተን ወንዝ ወሰደብኝ፤ እሷን ደግሞ ብርድ ሊወስድብኝ ነው» እያለች እታገኘሁ መርፌዋን አንሥታ ድሪቶውን እንደገና ልትሰፋ ተነሣች። ምን እንደምትሰፋበት ግን አታውቅም። ያሉትን ጨርቆች ሁሉ ሞክራቸዋለች። ማቁን አላሰበችውም፤ ሐዘን ለልጅ እንደማይሆን ከልጅነቷ ስትሰማ ያደገች ናት።

መርፌ ይህን አየች። ከእታገኘሁ እጅ ላይ ዘለለች። መሬት ወደቀች፣ እየተስፈነጠረች ጓዳ ገባች፣ ክሯም ከኋላዋ ተጎተተ። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ግማሹ ገብቶ ግማሹ የቀረ ማቅ አገኘች።

«ማቅ፣ ውጣ፤ ልጅቱ ልትሞት ነው» አለችው።

«ተዪኝ እህቴ» አለ ማቅ። «ገድ ስለሌለኝ አይደለም፣ ጨርቅ ምን ገድ አለው። ግን እታገኘሁ እኔን ስታይ ታለቅሳለች። እናት ስታለቅስ ወተት ይነጥፋል። እዚሁ ጨለማ ውስጥ ብቀር ይሻላታል።»

«አሁንስ መቼ ማልቀስ ተወች?» አለች መርፌ። «አንተን ከላይዋ ገፈፉህ እንጂ ከሆዷ ማን አወጣህ? ጓዳ ብትቀመጥ ያው እሷው ጋ ነህ። ይልቅ ና ሥራ ሥራ።»

ማቅም፣ «ላይ አታውጪኝ እንጂ እመጣለሁ። መሃል ከሆነ፣ ማንም የማያየኝ ከሆነ፣ እገባለሁ» አለ።

አይጥ ይህን ሰምታ ከጉድጓዷ ወጣች። «የኔ ልጆችስ? እነሱም እኮ ብርድ ላይ ናቸው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«አንቺም እናት ነሽ» አላት ማቅ። «ቀድሞውንስ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ጫፌን ቁረጪና ያዢ።»

አይጥ አፈረች። ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል ከጫፉ ቆረጠች፣ ቀሪውን ከጉድጓዱ ገፍታ አወጣችው።

እታገኘሁ መርፌዋን ፍለጋ ክሩን ተከትላ መጣች። ክሩን ሳበች፤ መርፌዋ ማቁ ላይ ተሰክታለች። ማቁን አነሣችው። ከባድ ነው። ያን ሁሉ ወራት ትከሻዋ ላይ የነበረ ነውና ክብደቱን ታውቀዋለች። ደረቷ ላይ አስጠግታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ስታለቅስም ደረቷ ሲሞቅ ተሰማት። አለቀሰችና፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ወደ ልጇ ይዛው ሄደች።

እትዬ አስካለ አራሷን ልትጠይቅ ስትገባ ማቁን ድሪቶው ላይ ስትዘረጋው አየቻት።

«እታገኘሁ፣ ምን ነካሽ ልጄ? ለሕፃን ሐዘን ይለበሳል?» አለቻት።

«እትዬ» አለች እታገኘሁ፣ ቀና ሳትል። «ይቺ ልጅ አባቷን አላየችም። ጋቢውም አብሮት ሄደ። ከአባቷ የተረፈላት የኔ ሐዘን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ልከልክላት?»

እትዬ አስካለ ልማዱን ታውቃለች፣ ልጅቱንም ታያለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች።

«በይ አንቺ ስፊ፤ ጫፍ ጫፉን እኔ ወጥሬ እይዝልሻለሁ» አለቻት።

ሙሽሪትን ታች አነጠፉ፣ ማቁን መሃል ዘረጉ፣ ካባና ካኪን ላይ አደረጉ። እታገኘሁ አሁን ዳር ዳሩን ብቻ አልሰፋችም። መሃል ለመሃል፣ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ስፌት ሰፋች። ማንም ወደየትም እንዳይሳብ አደረገችው። መርፌ ካባን አለፈች፣ ማቅን አለፈች፣ ሙሽሪትን አለፈች፤ እንደገና በመጣችበት ተመለሰች።

«ቀለሜ ለቀቀ እንዴ?» ብላ ሙሽሪት ጠየቀች።

«አልለቀቀም» አላት ካኪ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «ሙቀት ግን ይሰማኛል» አለ። ካባም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ደጃዝማቹ ሳያወራ ዋለ፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ጎህ ሲቀድ ውርጭ መጣ። ዛሬ እንደሚጨርስ እርግጠኛ ሆኖ ነው የመጣው።

«ተደርባችኋል?»

«ተደርበናል።»

«መሃላችሁ ማን አለ?»

ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ስሙን ለመጥራት ፈሩ። ከውስጥ ግን ወፍራም ድምፅ መጣ።

«እኔ አለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

«የእታገኘሁ ሐዘን ነኝ።»

ውርጭ ሳቀ። «እንዴ፣ ወዳጄ! አውቅሃለሁ እኮ። ያን ሁሉ ወራት ትከሻዋ ላይ ሆነህ እኔ ከውጭ አንተ ከውስጥ አብረን አላቀዘቀዝናትም? በል ዞር በልና አሳልፈኝ።»

«እውነትህን ነው» አለ ማቅ። «ብቻዬን ሳለሁ እኔም ብርድ ነበርኩ። አሁን ግን ከላዬ ክብር አለ፣ ከታቼ ሠርጓ አለ፣ ከሥራቸው ልጇ አለች። ከሁሉም ጋር ተሰፍቻለሁ። የማሳልፍህ ቦታ የለኝም።»

ውርጭ በቀኝ ዳበሰ፣ ስፌት አገኘ። በግራ ዳበሰ፣ ስፌት አገኘ። መሃል ዳበሰ፣ የበግ ጠጉር አገኘ። ምን ያድርግ? ተመልሶ ሣሩ ላይ ተኛ።

ፀሐይ ወጣች። እታገኘሁ ድሪቶውን ገለጥ አድርጋ እጇን ከተተች። የልጇን እግር ነካች፤ ሞቋል። ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ወዲያ ወዲህ አለች፣ ጡቱን አገኘችው፣ ጎረሰችው። ስትጠባ ድምፅዋ እትዬ አስካለ ቤት ድረስ ተሰማ።

እናንተም ስሙ። ሐዘንን ጓዳ የጣለው ሰው ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ላይ ላዩን የለበሰው ትከሻው ይጎብጣል፤ ከደስታው ጋር ደርቦ የሰፋው ግን ልጁን ያለብሰዋል።