«ግድ አለ» የተባሉት ሰው

አንድ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ጠባቂ በአንዲት የቆላ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ዘርጋው ነው፤ ግን በስማቸው የሚጠራቸው ከጠፋ ቆይቷል። ከተማው በሙሉ «ግድ አለ» ነበር የሚላቸው።

ቅጽል ስሙ እንዲህ ወጣላቸው። የዚያች ከተማ ሰው ለሁሉ ነገር መልሱ «ግድ የለም» ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ግድ የለም፤ ድልድዩ ቢያዘም ግድ የለም። ዘርጋው ግን ለጤና ጣቢያው ዕቃ ሲረከቡ ከየካርቶኑ አንድ ጓንት አውጥተው ውኃ ይሞሉና ያንጠለጥሉታል፤ ጠብ ካለ ካርቶኑን ይመልሳሉ። የቁስል መስፊያውን ክር ይስቡታል፤ ከተበጠሰ ይመልሳሉ። «ኧረ ግድ የለም፣ ይቀበሉ እንጂ!» ሲሏቸው «ግድ አለ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

የመድኃኒቱን ፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ጠዋትና ማታ አንብበው ይጽፋሉ። «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ፍሪጅ አገባ» እያሉ ይስቁባቸዋል። አይ ሰው! ቀልድ ካማረው የሌላው ቁስል አይታየው። በዕድር ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም። ምሳቸውን በግምጃ ቤቱ ደጃፍ ለብቻቸው ይበላሉ። ከመጉረሳቸው በፊት ሁልጊዜ ቀና ብለው መንገዱን ያያሉ፤ «እንብላ» የሚሉት ሰው ቢያልፍ ብለው ነው።

አንድ ቀን ደመረ የሚባል ነጋዴ አንድ መኪና ሙሉ የሕክምና ዕቃ ለጤና ጣቢያው በስጦታ አመጣ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ከዕቃው መሐል ለወላድ ደም ማቆሚያ የሚሆን መርፌ ሁለት ካርቶን ነበር። ዘርጋው እጃቸውን ካርቶኑ ላይ አሳረፉ። ይፋጃል።

«መንገድ ላይ ስንት ቀን ቆየ?»

«ዘጠኝ ቀን። መኪናው ተበላሽቶብን።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ታዲያ ጥላ ከየት ላምጣ ጋሼ? የመጠቀሚያ ቀኑ እኮ አላለፈም፤ እሽጉም አልተነካ! ግድ የለም፣ ይፈርሙልኝ።»

«ይሄ መድኃኒት ብርድ ካላገኘ ጉልበቱ ያልቃል። መልኩ ግን ያው ነው፤ በማየት አይታወቅም» አሉ ዘርጋው። «ግድ አለ።»

ጉድ ፈላ! «ምቀኛ!» ያለ አለ፤ «ደግ ነገር አይወድም» ያለ አለ። ካርቶኖቹ «ለአገልግሎት የማይውል» ተብሎ ተጽፎባቸው፣ እስኪወገዱ ድረስ ጥግ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዘርጋውን ሰላም የሚላቸው ጠፋ። ቀልዱም ቀረ። ያ የሚጠሉት «ግድ አለ» የሚለው ስም እንኳ ናፈቃቸው። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይተነፍሱ ይውሉ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ደመረ ራሱ ነጠላ ጫማው ከአንድ እግሩ ወልቆ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል፤ በማዋለጃው ክፍል የነበረው መርፌ አልቋል።

«ጋሼ ዘርጋው! ይድረሱልኝ! መርፌ!»

ዘርጋው ብድግ አሉ። ደመረ በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ዓይኑ ጥግ ከተቀመጡት ከራሱ ካርቶኖች ላይ አረፈ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከዚያ አይስጡኝ» አለ። «እኔ ካመጣሁት አይስጡኝ። ከፍሪጁ… ከእርስዎ ፍሪጅ!»

እሳቸው ግን ፍሪጁን ከፍተው ነበር።

ሴትየዋ ተረፈች። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ደመረ ወደ ግምጃ ቤቱ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ሲጠላዎት እንዴት ቻሉት?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ» አሉ ዘርጋው። «ፍሪጁ ሞቆ አገኘሁት። መድኃኒቱን ላስወግድ አስቤ ነበር፤ ኋላ ‹ግድ የለም› ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ስንዱ፣ ባለቤቴ፣ እዚሁ ወለደች። የተወጋችው ከዚያው ነበር። ሕፃኑም አልቆየልኝ።»

ደመረ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ሰዉን ያስነሳሁብዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ዘርጋው ቀና ብለው አዩት።

«ግድ የለም» አሉ።

ያቺ ቃል በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋቸው መውጣቷ ነበር። ከዚያ የምሳ ዕቃቸውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉና «እንብላ» አሉት። ደመረ እጁን ታጥቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ዘርጋው እያለቀሱ አጎረሱት።

ወገኖቼ፣ «ግድ የለም» ቦታዋን ካወቀች ደግ ቃል ናት። ለራሳችን ቁስል፣ ለበደለን ሰው እንበላት። በሰው ነፍስ ላይ ግን አትባልም። ዛሬ በይሉኝታ የተቀበልነው መርፌ፣ ክርና ጓንት ነገ የማንን ገላ እንደሚነካ ማን ያውቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

እስቲ እንጠያየቅ፦ በእኛስ መሥሪያ ቤት «ግድ አለ» በማለቱ ምሳውን ለብቻው የሚበላው ማን ነው?