አባ ዝም የወረደ ዕለት

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሯችሁን አምጡ፣ ምላሳችሁን ቤት ተዉት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እኔ ግን ይህን ጉድ የሰማሁት በኅዳር ነው፣ ሰሊጥ በሚራገፍበት ወር። ዛሬም ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ድሮ፣ ብረትና ድንጋይ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ጥላ እንደ ብርቅ በሚታይበት በሰሊጥ አገር፣ አያ ማንደፍሮ የሚባል ገበሬ ነበር። አያ ማንደፍሮ ትራክተር ነበረው። ትራክተሩ ከፊቱ ሁለት ክንድ፣ በክንዶቹ ጫፍ ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎች ነበሩት። ሹካዎቹ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ከእንጨት ርብራብ ሥር ይገቡና ርብራቡን ከነጆንያው ብድግ አድርገው ከጭነት መኪና ላይ ያስቀምጡታል። ከትራክተሩ ኋላ ደግሞ ድንጋይ የተሞላ የብረት ሣጥን ታስሯል። ሣጥኑ አያነሳም፣ አይጎትትም፣ አይናገርም። ስለዚህ አባ ዝም አሉት።

አያ ማንደፍሮ አህያም ነበረችው። አህያዋ አንዲት ውርንጭላ ነበረቻት፤ ዓይኗን ከእሷ ላይ አትነቅልም።

አንድ ቀን ጧት አህያዋ ብቅ ስትል አያ ማንደፍሮ ትንሽ ኮርቻ ይሰፋል።

"አያ ማንደፍሮ፣ ይህ ኮርቻ የማን ነው? ለእኔ ይጠበኛል።"

"የልጅሽ ነው። መኪናው ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ይሄዳል። ጆንያው ብዙ ነው፣ ትራክተሩ ብቻውን አይጨርሰውም። ዛሬ ልጅሽም ትጫናለች።"

"ኧረ በፈጠረህ! አጥንቷ እንኳ አልጠና!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለና መስፋቱን ቀጠለ።

አህያዋ በድንጋጤ ትራክተሩን ሦስት ጊዜ ዞረችው። በሦስተኛው ዙር ዓይኗ አባ ዝም ላይ አረፈ።

"አይ ጉድ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስሸከም ጀርባዬ ተላጠ። ይሄ ድንጋይ ግን ተሸክመውት ይሄዳል!"

ወደ ሹካዎቹ ሄደች። "እናንተ መንታዎች፣ የምታነሱት እናንተ፣ የምታወርዱት እናንተ። እሱ ምን ይሠራል?"

"ምንም!" አሉ ሹካዎቹ ባንድ አፍ።

ወደ ትራክተሩ ሄደች። "አንተ ባለ ጉልበት፣ ጀርባህ አይታክትህም?"

"ይታክተኛል እንጂ!" አለ ትራክተሩ።

ወደ አያ ማንደፍሮ ተመለሰች። "አያ ማንደፍሮ፣ አባ ዝም ስንት ጆንያ ይመዝናል?"

"ስምንት አያጣም።"

"እንግዲያው እሱን አውርድና በእሱ ፋንታ ስምንት ጆንያ ጨምር። ልጄ አትጫን።"

አያ ማንደፍሮ መርፌውን አስቀመጠ። እስቲ ፍረዱ፣ ነገሩ ትክክል አይመስልም? ስምንት ወርዶ ስምንት ሲጫን! እኔንም መጀመሪያ ስሰማው አታሎኛል፤ አልዋሽም።

ያን ጊዜ አባ ዝም አፉን ከፈተ። ተናግሮ ስለማያውቅ ሁሉም ክው አሉ።

"የፊቱን የሚይዘው የኋላው ነው። አታውርዱኝ" አለ።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለችው አህያዋ።

"መቀመጥ።"

ሹካዎቹ ሳቁ፣ ትራክተሩ ሳቀ፣ አያ ማንደፍሮም ሳቀ። ፈቱትና መኪናው ከቆመበት አጠገብ፣ ከአጥር ሥር ጥለውት ሄዱ።

በመጀመሪያው ጉዞ አራት ጆንያ ጫኑ። ሸክሙን ዝቅ አድርገው፣ በደልዳላ ሜዳ ቀስ እያሉ መኪናው ጋ ደረሱ። ምንም አልሆነም።

"የኋላ እግሬ ቀለል አለኝ" አለ ትራክተሩ።

"ቢቀልህ አይሻልም?" አለች አህያዋ። ውርንጭላዋ ከጎኗ ትቦርቃለች።

በሁለተኛው ጉዞ ስምንት ጆንያ ጫኑ፤ መንገድ ለማሳጠርም በቁልቁለቱ ወረዱ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ትራክተሩ መንሸራተት ጀመረ።

"ፍሬን ያዝ!" አለ አያ ማንደፍሮ።

"ፍሬኔ ያለው ከኋላ እግሬ ነው፣ የኋላ እግሬ ደግሞ መሬቱን አልረገጠልኝም!"

ተንሸራተው ተንሸራተው ከታች አሸዋ ውስጥ ገብተው ቆሙ። አያ ማንደፍሮ ላቡን ጠርጎ ወረደና፣ "እነዚህ ጆንያዎች ናቸው አላስቀምጥ ያሉት!" ብሎ ጆንያዎቹን በዱላ አጮላቸው።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አለ አንደኛው ሹካ ለወንድሙ።

አህያዋ ሁሉንም አይታለች። ድንጋዩን መልሱት ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ትንሹ ኮርቻ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታያት። አፏን መልሳ ገጠመች። አያችሁ? እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው።

በሦስተኛው ጉዞ አሥራ ሁለት ጆንያ ጫኑ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ መሬቱ ይፋጃል። ትራክተሩ እየተንገዳገደ መኪናው አጠገብ ደረሰ።

"ከፍ በሉ!" አለ አያ ማንደፍሮ። ሹካዎቹ ከፍ አሉ።

"አሁንም ከፍ!" ከፍ አሉ።

ጆንያው ከፍ ሲል ጥላው መሬት ላይ ወደቀ። በዚያ ቀትር ሌላ ጥላ የለም። ውርንጭላዋ ሙቀቱ አቃጥሏት ነበርና ሄዳ ከጥላው ውስጥ ተኛች። አያ ማንደፍሮ አላያትም፤ ጆንያው ፊቱን ጋርዶታል።

"አሁንም ከፍ!"

ወዮ! ወዮ ዘመዶቼ! የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሱ! ያ ሁሉ ብረት አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ኋላው አየር ላይ ተንጠለጠለ። አያ ማንደፍሮ መሪው ላይ ተለጠፈ።

አህያዋ ልጇን አየች። ከልጇ በላይ አሥራ ሁለት ጆንያ አየች።

"ትራክተር፣ ያዘው!"

"በምን ልያዘው? እግሬ ሰማይ ላይ ነው!"

"ሹካዎች፣ ያዙት!"

"እኛ ማንሳት እንጂ መያዝ መቼ እናውቃለን!"

"አባ ዝም! በልጄ ይዤሃለሁ፣ ቶሎ ድረስ!"

"ድንጋይ ይሮጣል እንዴ?" አለ አባ ዝም ከአጥሩ ሥር። "እግሬ እናንተ ነበራችሁ።"

ከዚያም ተሰምቶ በማይታወቅ ድምፅ ጮኸ። "ማንደፍሮ! እንዳትነቀንቀው! ልጅቱ መጀመሪያ ትውጣ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ መሬት አውርድ!"

አህያዋ ይህን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ከሸክሙ ሥር ገብታ ልጇን ማጅራቷን በጥርሷ ነክሳ ጎተተቻት። አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ። በሦስተኛው እርምጃ ላይኛው ጆንያ ተንሸራቶ ዷ ብሎ ወደቀ። አያ ማንደፍሮ ሸክሙን ቀስ ብሎ አወረደ፤ የኋላ ጎማዎቹም መሬቱን መትተው ቆሙ።

ከወረደው ርብራብ ጠርዝ አጠገብ ውርንጭላዋ የተኛችበት ቅርጽ አፈሩ ላይ እንደታተመ ነበር፣ የእግሯም፣ የሆዷም። ከተቀደደው ጆንያ የሚፈሰው ሰሊጥ ያንን ቅርጽ ሞላው። አህያዋ ቆማ አየችው። እኔ ብሆን ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር።

ቆይታ ወደ አጥሩ ሄደች። "አባ ዝም፣ ያስወረድኩህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ልጄ እንዳትጫን ብዬ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ። ሸክሙ እንዲያንስ መለመን ነበረብሽ፤ አንቺ ግን እኔ እንድወርድ ለመንሽ።"

አያ ማንደፍሮ ከትራክተሩ ወርዶ መጣ። "ታዲያ መኪናው ሳይሄድ እንዴት እንጨርሳለን?"

"እኔን ከኋላ መልሰህ እሰረኝ" አለ አባ ዝም። "ስድስት ስድስት ጆንያ ጫን፤ ስትሄድ ሸክሙን ዝቅ አድርግ፤ ስታነሳ ከሥሩ ነፍስ ያለው አይቁም። ደጋግመህ ብትመላለስ ምን ትሆናለህ? ጎማ እንደሆነ አይደክመው።"

አሰሩት፣ ተመላለሱ፣ ጀምበሯ ሳትጠልቅ ጨረሱ። ትንሹ ኮርቻ አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ በኋላ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት አሉ።

ከዚያ ወዲህ አህያዋ በየማለዳው፣ ትራክተሩ ሳይነሳ፣ ወደ ኋላው ትዞራለች።

"አባ ዝም፣ አለህ?"

"ተቀምጫለሁ።"

ይህን ሳትሰማ ልጇን ከበረት አታስወጣም።

እኔም ተረቴን ከጫንቃዬ አወረድኩ፣ ተራው የናንተ ነው። ስትሸከሙት ግን ይህን አትርሱ፤ የተቀመጠ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም፣ ሥራው የሚታየው ሲነሳ ነው።