ሰማሁሽ የተባለ ቡችላ

አንድ ሰው ቡችላ አመጣ። ሰውየው ከመናኸሪያው ጀርባ የሚኖር ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል። ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል፣ የቀሩት እሱና ሚስቱ ናቸው። ጎማ ከሚያስለጥፍ ሹፌር ላይ በካርቶን ተቀብሎ አመጣውና ግቢው ውስጥ ለቀቀው።

ለቡችላ ምን ስም ይወጣል? እናንተ ብትሆኑ ቦቢ ትሉታላችሁ፣ ጃክ ትሉታላችሁ፣ አንበሳ ትሉታላችሁ። ይህ ሰው ግን ሰማሁሽ አለው። ወንድ ውሻ ነው እንግዲህ። ወንድ ውሻ ሰማሁሽ ይባላል?

ይባላል። አባቶቻችን ፊት ለፊት ሊናገሩት ያልወደዱትን ነገር በውሻቸው ስም ሲናገሩ ኖረዋል። ስሙ ለውሻው ይወጣል፣ መልእክቱ አጥር ይሻገራል።

የዚህኛው መልእክት የሚሻገረው ወደ እትዬ ዘርትሁን ግቢ ነበር። ከዓመታት በፊት እድሩ ዳኛ ሲመርጥ የጎሚስታው ስም ተነሳ። ጋሽ ወንድይፍራው ይሁኑ ተባለ። እጅ ሊወጣ ሲል እትዬ ዘርትሁን ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው፣ ወንድይፍራው ቁጡ ነው፣ ሌላ ፈልጉ አሉ። ሰው ሳቀ። ሌላ ተመረጠ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይኸው ነው የሚለው ግን ያልደረሰበት ነው። ቁጡ መባሉ አልነበረም የቆጠቆጠው፣ ሳቁ ነው። በሰው መካከል ተስቆበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያልተሳቀበት ደግሞ ሁልጊዜ መካሪ ነው፤ ተወው፣ ይለፍ ይላል። ጎሚስታው አልተወውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእትዬ ዘርትሁን ጋር ሰላምታ የለም፤ ሴትዮዋ በእድሜ የሚበልጡት፣ ድሮ እትዬ እያለ የሚጠራቸው ጎረቤት ነበሩ። አሁን ጠዋት በሩን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ሰማሁሽ ብሎ ይጣራል። ማታም ይጣራል። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ እያለም ይጣራል።

ቡችላ መቼም ቡችላ ነው። የሰውየውን ሚስት የወይዘሮ ትርፌን የክት ጫማ በማኅበር ቀን አንዱን እግር በላው። ጎመኑን ቆፈረ። የታጠበ አንሶላ ከገመድ ላይ አውርዶ ጭቃ ላይ ጎተተ። የጎማ ቁራጭ ሰርቆ አልጋ ሥር አከማቸ። የሰፈር ሰው ምክር አያጣምና አንዱ ጨለማ ቤት እሰረው አለው፣ ሌላው ሚጥሚጣ አብላው አለው። እሱ ግን የራሱ ትምህርት ነበረው። ሰማሁሽ፣ ና ይለዋል። ቡችላው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ሲመጣ በጎማ ቁራጭ ጀርባውን ይለዋል።

ልብ በሉ። ሲሸሽ አይደለም የሚመታው። ሲመጣ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቡችላው መምጣት ተወ። ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ይጥልና ከግቢው የውሃ ታንከር ጀርባ ይገባል። ሰውየው ይህ ውሻ ደንቆሮ ነው አለ። ወይዘሮ ትርፌ ደንቆሮ አይደለም አለችው፤ ከወዲያኛው ግቢ ሲጠሩት በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይሄዳል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አለችው።

ይህ ነገር ሰውየውን እንቅልፍ ነሳው። በመጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ግን መናደዱ ቀርቶ ማወቅ ፈለገ። ሴትዮዋ ምን አብልተውት ነው? አጥንት ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትቶ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አንድ ዓይኑን አስገባ። አስቡት፤ ያን ሁሉ ዓመት ዘወር ብሎ ያላየውን ግቢ አጎንብሶ ያያል።

እትዬ ዘርትሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቡችላው የእግራቸውን ነጠላ ጫማ ነክሶ ግቢውን ይዞራል። አሁን ያገኘዋል፣ አለ ሰውየው በልቡ፣ እስቲ አያታለሁ። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ፣ ቡችዬ አሉ። ቡችላው ጫማውን እንደነከሰ መጣ። ጫማውን ተቀብለው አጠለቁ፤ ከጆሮው ኋላ አሹት፤ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ቡችዬ አሉት። መጣ። አሹት። ሂድ አሉት። ሄደ። አጥንት የለም፣ እንጀራ የለም፣ በእጃቸው ከምስር በቀር ምንም የለም።

ሰውየው ከቀዳዳው ተነስቶ ቆመ። ሌባ ተጠርቶ መጥቶ እንዴት ይዳበሳል? ይህ ጥያቄ ሥራ ላይም ተከተለው፣ ማዕድ ላይም ተከተለው።

በዚያው ሰሞን ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየሰፈሩ ዞረ። ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ ነገ ጠዋት መርዝ ይጣላል አለ። ሰውየው ቡችላውን በገመድ አሰረ። ቡችላ ደግሞ ገመድ ይበላል። ሲነጋ ሰውየው ሲወጣ ያገኘው የተበጠሰውን ጫፍ ነው።

ቡችላው ከመንገዱ ማዶ ከቦዩ ዳር ቆሟል። ከእሱ ጥቂት እልፍ ብሎ ሣሩ ላይ ቀይ ሥጋ ወድቋል። ገና አላየውም።

ሰውየው ተጣራ። ሰማሁሽ፣ ና። ቡችላው ጆሮውን ጣለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወደ ሥጋው ማለት ነው። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ቡችላው ደግሞ ራቀ። ዳቦ ይዞ ቀረበ፤ ቡችላው የሚያየው ዳቦውን አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን ሌላውን እጁን ነው። ሰውየው ቢሮጥ ቡችላውም ይሮጣል። ዝም ቢል ሥጋው ይሸተዋል። ያ ሰው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የሚጠራበት ቃል አጥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ትርፌ በር ላይ ቆማ ነበር። ሴትዮዋን ጥራቸው አለችው በቀስታ።

ወገኖቼ፣ መንገዱን መሻገር ቀላል ነው። የአንድን ሰው በር ማንኳኳት ግን ምን ያህል እንደሚርቅ የሄደበት ያውቃል። ሰውየው በሩ ፊት ቆሞ እጁን አነሳ፣ መለሰ። ያ ሳቅ በጆሮው መጣበት። ወደ ቦዩ ዞሮ አየ፤ ቡችላው አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቷል። አንኳኳ።

«እትዬ ዘርትሁን፣ ውሻው እኔን አይሰማም። እባክዎ ይጥሩልኝ» አለ።

እትዬ ዘርትሁን ምንም አልጠየቁም። ወጡ፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ወደ ቡችላው እንኳ አላዩም። ቡችዬ አሉ። ቡችላው ሥጋውን እያሸተተ ነበር። ቀና አለ። አንዴ ወደ ሥጋው፣ አንዴ ወደ እሳቸው አየ። ከዚያ መጥቶ ጉልበታቸው መካከል ራሱን አስገባ።

ሰውየው ወገቡን ይዞ ተነፈሰ። ከዚያ ያ ጥያቄ ወጣ። ምን ሰጥተውት ነው የሚመጣልዎ? እኔ እኮ ቀን ከሌት ነው የምጠራው አለ።

«አንተ እሱን ጠርተኸው አታውቅም» አሉት። «በእሱ በኩል የምትጠራው እኔን ነው። እሱ ምን ያድርግ? በሰው ስም ሲጠራ፣ በሰው ፋንታ ሲመታ ኖረ።»

ሰውየው ግን፣ ያን ቀን ሰው ፊት ቁጡ ነው ብለው ነበር አለ።

«ብያለሁ» አሉ። «ቁጡ ነህ። ለብቻህ ልነግርህ ይገባ ነበር። ና፣ ያዘው፤ ስታነሳው ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ያን ቀን ሁለቱ ተሳስመው ታረቁ ብዬ አልነግራችሁም። ሰውየው ውሻውን አቅፎ ገባ፣ ያን ስምም ዳግመኛ አልጠራውም፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ነገር ግን ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ የምትጠሩት ስም የማን ነው?

ልጃችሁን እንደ አባትህ ነህ ስትሉት፣ የምትጠሩት ልጁን ነው ወይስ አባቱን? አማትሽ እንዲሰሙ ብለሽ ልጅሽ ላይ የምትጮኺ፣ የጮኽሽው በማን ላይ ነው? አለቃህ ያዋረደህን ይዘህ ገብተህ ቤት ያለውን ስም የምትጠራ፣ ማንን ጠራህ? ጸሎታችሁንስ? ከክፉ ጎረቤት ሰውረኝ ብላችሁ ጎረቤት እስኪሰማ ድምፃችሁን ስታነሱ፣ የእግዚአብሔርን ስም ወደ እግዚአብሔር ነው የላካችሁት ወይስ በአጥር ላይ ነው የወረወራችሁት?

የተበደላችሁትን አልተበደላችሁም አልላችሁም። ተበድላችኋል፤ የሳቀባችሁም አለ። ግን ያልሳቀባችሁ፣ እግራችሁ ሥር የተኛው፣ በሳቀባችሁ ሰው ፋንታ ለምን ይመታል? ነገ እሱም ከቦይ ዳር ይቆማል። የሚበላው ነገር ከፊቱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ስሙን ስትጠሩ፣ ስሙ በጆሮው ውስጥ ምን ይሆን? ዱላ ነው? ወይስ ጉልበት መካከል የሚገባበት ቦታ?

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤት ስትገቡ፣ ከልጆቻችሁ አንዱን በስሙ ጥሩት። የገዛ ስሙን ብቻ። ደንግጦ ይመጣል። ምን አጠፋሁ እያለ ይመጣል። ምን ነበር ብሎ ይጠይቃችኋል።

ምንም በሉት። ምንም፣ ልይህ ብዬ ነው በሉትና ልቀቁት።