ያልተሻገረው ሰውዬ

ኧረ ሆዴን! ቆይ ምንትዋብ፣ ሳቄ ይለፍልኝ! ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር እንባዬ ነው የሚመጣው። ዋናው ግን ከኋላ ነው፤ ሳታቋርጪ ስሚኝ። የጠየቅሽኝ፣ «እትዬ፣ ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛው ምንባብ ‹ይሄም መልስ ይሆናል፣ ያም ይሆናል› እያሉ ሲያደርቁኝ ምን ልበላቸው?» ነው አይደል? እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ለእንግሊዝኛው ዕውር ነኝ። ምሳሌ ግን አላጣልሽም።

አንድ አስተማሪ ነበረ። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ሽበቱ ከጠመኔው ብናኝ የማይለይ ሰው። ማስተማሩስ ባልከፋው፤ ነፍሱን የሚያወጣት የፈተና ወረቀት የሚመልስበት ቀን ነበር። በዚያ ቀን ዘጠና ተማሪ፣ ዘጠና ጠበቃ ይሆንበታል። ከክፍል እስከ ግቢው በር እየተከተሉ «ቲቸር ይሄን እዩልኝ፣ ቲቸር ይሄን አልቆጠሩልኝም» ይሉታል። እሱም ወረቀቱን ሳያይ፣ «መልሱ ቢ ነው፤ አለቀ» ብሎ መሄድ ለምዷል። ምን ያድርግ? ሰው ነው፤ ጉልበት ያልቃል።

አንድ ዓመት በማጠቃለያው ፈተና አንዲት አጭር ምንባብ ወጣች። አንድ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጫማውን ያወልቃል። ቀና ብሎ ተራራውን ያያል። ከዚያ ጫማውን መልሶ ያደርግና ዞር ብሎ ዳገቱ ላይ ካለች ዛፍ ሥር ይቀመጣል። በቃ፣ ይኼው ነው። ጥያቄው፣ «ሰውየው ለምን አልተሻገረም?» የሚል ነው። ኤ፣ ጫማው እንዳይረጥብበት። ቢ፣ ደክሞት። ሲ፣ ወንዙን ፈርቶ። ዲ፣ ሰው እየጠበቀ።

መልሱ ቢ ተባለ። አንዲት በየቀኑ ወንዝ ተሻግራ የምትመጣ ልጅ ግን ሲ ብላ ነበር። ያገኘችው አርባ ዘጠኝ፣ ማለፊያው ሃምሳ። አባትየው ደግሞ፣ «ክፍል ከደገምሽ ደብተሩን ስቀዪው» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋታል። የእሳቸው ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ የደከመው ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ሰውዬ ግን መልሶ አደረገው። ደግሞ ተራራውን ለምን ያያል? ላይ ከዘነበ፣ ታች ፀሐይ እያለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። እኛ አገር ሕፃን እንኳ ተራራውን ሳያይ አይሻገርም።»

«ዝናብ የሚል ቃል የት አለ? አሳዪና!» አለ ከኋላ አንዱ የከተማ ልጅ።

«አንተ ወንዝ በሥዕል እንጂ መቼ አየህ!»

«ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ዋለ ይላል! አንቺ ብትሆኚ አይደክምሽም?»

«እኔማ በየቀኑ ነው የምሄደው! ደክሞኝ ሳልሻገር የቀረሁበት ቀን የለም!»

ክፍሉ ተንጫጫ። አስተማሪው ጭንቅላቱን ያዘ። «መልሱ ቢ ነው፤ አለቀ» አለና ወጣ። ልጅቷ ጣቷን ጫማው ላይ፣ ማለቴ ጫማ የሚለው መስመር ላይ እንዳደረገች ተከተለችው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ዝም ብላ ተከተለችው እንጂ። እሱን የከበደውም ይሄ ነው።

በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ሌሎች መምህራን ይፍረዱ፤ ከዚያ ግን ትተዪኛለሽ» አላት። ቢን እንደሚሉለት እርግጠኛ ነበር። መምህራኑ ወደሚያርፉበት ክፍል ገባና መልሱን ሳይነግራቸው ምንባቡን አስነበባቸው።

እንግዲህ ጉድ ስሚ! የስፖርቱ መምህር በዚያው ሳምንት አዲስ ጫማ ገዝቷል። «ኤ ነዋ! ማን አብዶ አዲስ ጫማ ውሃ ውስጥ ይከታል?» አለ።

«አዲስ ነው ያለህ ማነው?» አሉት።

የሒሳቧ መምህርት ባሏ ሌላ አገር ተመድቦ ሁለት ዓመቱ ነው። «ሰው እየጠበቀ ነው፤ ያስታውቃል» አለች። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ርዕሰ መምህር፣ «ደክሞታል፣ ደክሞታል፤ ተዉት ሰውየውን ይረፍበት!» አሉ። የጂኦግራፊው፣ «ልጅቷ ልክ ናት፣ ይሄ ደራሽ ውሃ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ዘጠናው ተማሪ ያደረገውን አራቱ አስተማሪ አስናቀው። አንዱ ሌላውን «አንተ ማንበብ መቼ ትችላለህ» እስከማለት ደረሰ።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ቀስ ብላ፣ «ቲቸር፣ ፈተናውን ያወጣው ሰው ግን ምን አስቦ ነው ቢ ያለው?» አለችው።

 ፈተናውን ያወጣው ለካ ራሱ አስተማሪው ነው። ያወጣበት ቀን ትዝ አለው። ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ አስተምሮ፣ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ነው ያችን ጥያቄ የጻፋት። መልሷንም ሁለቴ አላሰበባትም፤ እጁ ዝም ብሎ ቢን ከበባት።

ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና የልጅቷን አርባ ዘጠኝ ሰርዞ ሃምሳ አለው።

አየሽ ምንትዬ፣ አንቺም እንደዚያ አስተማሪ ነሽ። የተከራከረሽ ሁሉ ነጥብ ለቃሚ አይምሰልሽ። ለጩኸት ብቻ የመጣውን ወደ ወንበሩ መልሺው። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ የመጣውን ግን አጠገብሽ አስቀምጪና አብረሽው አንብቢ። መልሱን የጻፈች እጅ የሰው እጅ ናት፤ እንዴት ውላ እንደጻፈችው መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ። ያ አስተማሪ ራሱን ጠይቆ ነው ወረቀቱን ሲመልስላት፣ በዚያ ሁሉ መምህር ፊት እንዲህ ያላት፦

«ሰውየው አልደከመውም ልጄ። የደከመኝ እኔ ነበርኩ።»