ቃጭል ምንጭ

ከጠረፉ አምባ ግርጌ ካለችው ቃጭል ምንጭ ዛሬም ቢሆን ቃጭል ያላንጠለጠለ ከብት ውኃ አይጠጣም። ድሃው እንኳ ያረጀ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከቶ ከላሙ አንገት ያስራል እንጂ ዝም ያለች ላም ነድቶ አይወርድም። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም። ነገሩን ያመጣው ጓንጉል የሚባል ቃፊር ነው፣ ነፍሱን አይማረውና።

እንደሚነገረው፣ የአምባው ጠባቂዎች አለቃ የወራሪን መምጣት አስቀድሞ ለነገረው ቃፊር የቆላ ሰዎች ከብት የሚያጠጡበትን ይህን ምንጭ ከነመሬቱ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ጓንጉል ኮቴ አይቶ የከብቱን ዕድሜ የሚናገር ሰው ነበር፤ በዚህስ አይታማም። ሦስት ዓመት ሙሉ ወራሪ ሳይመጣ ቀረና ሰው ሁሉ ተመስገን ሲል እሱ ከሰላሙ ጋር ተጣላ። መንገድ ሊሰልል ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ኑርዬ ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት እያረፈ ወተታቸውን ይጠጣ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ብዙ ከብት ያለ ቃጭል ወደ ምንጩ ሲመጣ አየ። ወራሪ ከብት ሲነዳ ድምፁ እንዳይሰማ ቃጭሉን ያወልቃልና የአምባው ሰው ይህን ይፈራል፤ ቆላዎቹ ዘንድ ግን ትልቅ ሰው ሲሞት ቃጭል ሰባት ቀን ይወልቃል። የሞቱትም እኒያው ኑርዬ ነበሩ። ጓንጉል ልማዱን ረስቶት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም፣ የጠጣውን ወተት ማን ይረሳል? ሮጦ «መጡ» አለ፤ ጠባቂዎቹም ተኮሱ። አሥራ አንድ ሐዘንተኛ ከከብቱ መካከል ወደቀ፤ ምንጩም ለጓንጉል ተሰጠው።

ጎጆውን በቀለሰ ሳምንት የኑርዬ ሚስት ዘሀራ መጥተው አንድ አቁማዳ ሙሉ ቃጭል ከደጃፉ ዘረገፉ ይባላል።

«ልጄ፣ ባሌ ቃጭል የሌለው ከብት ካየህ ሐዘን ላይ ነን፣ ለቅሶ ድረሰን ብሎህ አልነበር?» አሉት።

«ብለውኝ ነበር፣» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ይኸው ደረስክ።»

ከዚያ ወዲያ ቆላው እሳት ነፈገው፤ አምባውም ደም ያለበት መሬት ነው ብሎ ራቀው። ዓመታት አልፈው ሚስቱ ስትሞትበት አብሮት የሚቀብር ሰው አጣ። ቆላዎቹ አይተው ይራሩልኝ እንደሆነ ብሎ የከብቶቹን ቃጭል አወለቀና ወደ ሜዳው ነዳቸው። ከአምባው ላይ ራሱ ያሠለጠነው ቃፊር ድምፅ የሌለውን ከብት አየና እንደ ተማረው ጮኸ። ጓንጉልም ከከብቶቹ መካከል ወደቀ። ባልና ሚስቱን የቀበሩት ዘሀራ ናቸው ይባላል፤ እውነት ከሆነ ለሱ አይገባውም ነበር።

ያ ሰው የወሰደባቸው ምንጩን ብቻ አይደለም። ቆላዎቹ እስከ ዛሬ ሰው ሲሞትባቸው ቃጭል ማውለቅ ይፈራሉ፤ ከብቱ እየተንቃጨለ ይቀብራሉ።