በቀንድ አውጣ አምሳል የተሠራው አደባባይ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ይስማ፣ ልቡና ያኑር።

በአንድ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ጉንዳኖች የከተማቸውን አደባባይ ሊሠሩ ተማከሩ። ሸረሪት ሰባት ቀን ሙሉ ድሯን እየዘረጋች የየጎሬውን ርቀት ለካችና፣ “ለሁሉም እኩል የሚቀርበው ይህ ረባዳ ስፍራ ነው” አለች። ቀንድ አውጣም ጀርባውን አዙሮ እያሳየ፣ “መንገዱ እንደ ቤቴ እየዞረ ወደ መካከል ይግባ፤ ግንቡም የለሰለሰ ዛጎል ይሁን፤ ፈጣሪ ከዚህ ያማረ ቅርጽ አልሠራም” አላቸው።

ቅርጹስ በእውነት ያማረ ነበር፤ አሮጊቷ ኤሊም አልካደችም። ነገር ግን በዚያ ረባዳ የቀበረችውን እንቁላል ባሕር አንድ ዘመን ወስዶባታልና ልቧ ከበዳት።

“ልጆቼ፣ የለካችሁት ባሕሩ በሸሸበት ሰሞን ነው። ጨረቃ እስክትሞላ፣ ባሕሩም አብሯት እስኪሞላ ሱባዔ ያዙ፤ ከዚያ ለኩ” አለቻቸው።

“እማማ፣ እርስዎ እኮ አንገትዎን ለማውጣት እንኳ ሱባዔ ይይዛሉ” ብለው ሳቁባት።

አደባባዩ ተሠራ፤ ጉንዳኖቹም ልጆቻቸውን ይዘው ገቡበት። ጨረቃ በሞላች ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ ባሕሩ ተነሣ። ኤሊ በመንገዱ አፍ ቆማ፣ “በዚህ ውጡ፣ ልጆቼ፣ በዚህ ውጡ” እያለች ተጣራች። ሰምተዋት ሮጡ። ግንቡ ግን ለመውጣት ያዳልጥ ነበር፤ መንገዱም ይዞር ነበርና አንዱን ዙር ሳይፈጽሙ ውሃው ደረሰባቸው።

ባሕሩ ወደ ስፍራው ሲመለስ ኤሊ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በዚያ አፍ የወጣው ውሃው ብቻ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ያልተመለሱትንም በጸሎት አስቡ።