ባሻ እንግዳሸትና የዘንዶ ውሃ ድልድይ

ያየ ለሰማ፣ የሰማም ለእኛ እንዳቀበለን፣ በወይራ አምባ ከተማ ባሻ እንግዳሸት የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ከጦር ሠራዊት ሲሰናበቱ ይዘው የተመለሱት አንዲት በቅሎና ሹም የማይፈራ ምላስ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል፣ «በቅሎዋ እንኳ ስትነካ ነው የምትራገጠው፤ የእርስዎ ምላስ ግን ሳይነኩት ይራገጣል» ይሏቸው ነበር።

ቤታቸው ከዘንዶ ውሃ ዳር ነው። ዘንዶ ውሃ ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። በበጋ ፍየል ሰኮናዋ ሳይርስ ትሻገረዋለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ከብቱንም ሰውንም ጠራርጎ ይሄዳል። ገበያውና ሐኪም ቤቱ ያሉት ወዲያ ማዶ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ለከንቲባው ለቀኛዝማች አበጋዝ፣ «ድልድይ ይሠራልን» እያለ አቤት ይላል። ቀኛዝማችም በየዓመቱ «ታገሡ» ይሉታል።

በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ቀጠረ። ኅሩይ የሚባል፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ትጉህ ወጣት ነው። መጀመሪያ የታዘዘው ዋናውን መንገድ እንዲያቀና ነበር። ገመዱን ወጥሮ፣ ችካሉን ተክሎ፣ ቀጥ አድርጎ ሲመጣ የከተማው ሀብታም የነጋድራስ ጓንጉል አጥር ፊት ለፊት ገጠመው። ነጋድራስ የቀኛዝማች አማች ናቸው። ስለዚህ መንገዱ አጥሩ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ዞረና የባሻን ጓሮ ከነጎመኑ ቆርሶ አለፈ።

ከጠቅላይ ግዛቱ የመጡ አንድ ትልቅ እንግዳ ሥራውን ሲጎበኙ እዚያ ቦታ ላይ ቆም አሉና፣ «ይህን የመሰለ ቀጥ ያለ መንገድ ምነው እዚህ ጋ ጎበጠ?» ብለው ጠየቁ። ቀኛዝማች ሳል ያዛቸው። ኅሩይም የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር። ባሻ ከፈረሰው አጥራቸው ላይ ብቅ ብለው፣

«ነጋድራስን እጅ ሲነሣ ነው ጌታዬ» አሉ።

ከመንገዱ ቀጥሎ የቧንቧ ቦይ ተቆፈረ። ተቆፈረና ሳይዘጋ ከረመ። ባሻ አንድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭጋጉ አሳስቷቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። ኅሩይ ሲሮጥ ደረሰና እጃቸውን ይዞ እየጎተተ፣ «ምነው ባሻ፣ አላዩም እንዴ? ሰው እንዳይገባ ብለን እኮ ቀይ ባንዲራ ተክለን ነበር!» አላቸው። ባሻ ከእግራቸው ሥር ዳበስ ዳበስ አድርገው ጭቃ የጠገበ ቀይ ጨርቅ አወጡና፣

«አዎ ልጄ፣ እሱም ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት» አሉት።

ያም ሆነ ይህ ቧንቧው ተዘረጋ። የቦኖው ምረቃ ቀን ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ሲጠብቁ፣ ቀኛዝማች ንግግር ጀመሩ። ስለ ሥልጣኔ ተናገሩ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፣ ስለ ራሳቸውም ተናገሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሪባኑን ቆርጠው ቧንቧውን ከፈቱት። ፉፉፉ... ሽሽሽ... እያለ አየር ብቻ ተነፈሰ። ጠብታ የለም። «ምን ሆኖ ነው?» ብለው በመሐንዲሱ ላይ ሲያፈጡ ባሻ ጣልቃ ገቡ፦

«ተራው ደርሶት ንግግር እያደረገ ነው፤ ይጨርስ።»

ውሃው በማግስቱ መጣ። ድልድዩ ግን እንደ ወትሮው ነገ ሲባል ኖረ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የጎረቤታቸውን የአናጢውን የደርብን ሚስት ምጥ ያዛት። ሕፃኑ አልወጣ ሲል በቃሬዛ አድርገው ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ተነሡ፤ ባሻም ከፊት ሆነው ተሸከሙ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዘንዶ ውሃ ግንድ እያንከባለለ፣ አፈር መስሎ ይጋልባል። ቢጮኹ ማዶ ያለው ሰው አይሰማ፣ ቢሻገሩ ሞት ነው። ቃሬዛውን አንድ ዋርካ ሥር አሳረፉ። ባሻ ካፖርታቸውን አውልቀው ከዝናቡ ሊከልሏት በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆሙ፤ ሕፃኑ እስኪወለድም አላወረዱትም። አብረው የመጡት ወይዘሮ ይመኙሻል እዚያው ሣሩ ላይ አዋለዷት። እናትም ልጅም በእግዜር ቸርነት ተረፉ። ባሻ ግን ያን ቀን አንድ ቀልድ ከአፋቸው አልወጣም። ቤታቸው ገብተው እሳቱን እያዩ ሲቆዩ ባለቤታቸው፣ «ምነው ዝም አሉ?» ቢሏቸው፣ «የከርሞዋ ማን ትሆን እያልኩ ነው» አሏቸው።

ለክርስትናው ድግስ ቀኛዝማችም ተጠርተው መጡ። የዶሮውን ፈረሰኛ ይዘው፣ ደስ ብሏቸው፣ «ለመሆኑ ልጁን ማን አላችሁት?» ሲሉ ወላጆቹ አፍረው አቀረቀሩ። የመለሱት ባሻ ናቸው፦

«ታገሡ ብለነዋል፤ ከማዘጋጃ ቤት ያገኘነው እሱን ብቻ ነው።»

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቀኛዝማች የያዙትን ፈረሰኛ መልሰው ወጡ ውስጥ አስቀመጡት። ሳምንትም ሳይሞላ ድልድዩ እንዲጀመር ታዘዘ።

ድንጋዩ ተፈለጠ፣ ከወዲህና ከወዲያ ምሰሶዎቹ ቆሙ፣ ሲሚንቶ በጭነት መኪና መጥቶ ወንዙ ዳር ተራገፈ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ፤ ድልድዩ እንደቆመ ነው። ምሰሶው ላይ ሣር በቀለ፣ ወፍም ጎጆዋን ሠራችበት። ኅሩይን ሲጠይቁት «ሲሚንቶው አልቋል» ከማለት በቀር ዓይን ለዓይን አያይም። ይህ በሆነ ሰሞን ነጋድራስ ጓንጉል ከቤታቸው ፊት ለፊት መስተዋት የመሰለ ሰፊ የሲሚንቶ በረንዳ አሠሩ።

ባሻ አንድ ጠዋት በቅሎዋን ጭነው ተነሡ። በነጋድራስ በር ገብተው፣ በረንዳው ላይ ወጥተው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ነድተዋት በወዲያኛው ደረጃ ወረዱ። በቅሎዋም መሀል ላይ የልቧን አድርሳ ነው ያለፈችው። ነጋድራስ በንዴት እየጮኹ ከሰሷቸው፤ «በቅሎዋ ትወረስልኝ» ሲሉም አመለከቱ።

በችሎቱ ቀን ባሻ አፋቸው ቢደፍርም ልባቸው ፈርቷል። ያለዚያች በቅሎ ኮርቻቸውን ገበያ የሚያደርስላቸው የለም። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ባሻ፣ በሰው በረንዳ ላይ በቅሎ የነዱት ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ባሻም ነጠላቸውን አደግድገው፣

«ድልድዩ መስሎኝ ነው ጌታዬ፤ ሲሚንቶው ወንዝ ዳር ሲወርድ አይቼው ነበር» አሉ።

ነጋድራስ «ሐሰት ነው!» ብለው ሲነሡ ኅሩይ ከኋላ እጁን አወጣ። እንጀራው በቀኛዝማች እጅ እንዳለ ያውቃል፤ ቢሆንም፣ «ሲሚንቶው የድልድዩ ነው። ወደ ነጋድራስ ቤት ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ» አለ። ባሻ ዘወር ብለው አዩት። እንደ ልጃቸው ሳያዩት አልቀሩም። ዳኛው በቅሎዋን ለባለቤቷ ለቀቁና ነጋድራስ የወሰዱትን ሲሚንቶ እንዲተኩ ፈረዱ። ቀኛዝማችም ወሬው ከጠቅላይ ግዛቱ እንዳይደርስ ሲሉ ሠራተኛ እጥፍ አድርገው አሰማሩ። ኅሩይንም ሊነኩት አልደፈሩም።

ድልድዩ አለቀ። የምረቃው ቀን ዘንዶ ውሃ ከሥር እያጓራ፣ ሕዝቡ በእልልታ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ዋለ። ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው መሀል ድልድዩ ላይ ቆሙ፤ ባሻን ሲያዩም አስጠሩና ድንጋዩን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉት። «አንተ መቼም ምንም አይጥምህም፤ ይኸው ድልድዩ! እስከ ልጅ ልጅህ ድረስ ይቆማል። ይኼንንስ ትክዳለህ?» አሏቸው።

ባሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ለመቆምማ ማን ብሎት ጌታዬ! ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ስንት ክረምት ቆሞ አይተነዋል።»